በእጁ ሠርቶ፣ በልቡ መርምሮ የኖረው ዘርዓ ያዕቆብ

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና በሚገኙ ፋብሪካዎች በፈረቃ እየሠሩ ዕድሜያቸውን የገፉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ማታ ደክሟቸው ሲመለሱ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ይኸውም የልጅ ልጆችን ጥያቄ መመለስ ነው። ልጆቹ አያቶቻቸው በምን እንደሚያምኑ፣ ይህን የሚያደርጉት ያንን የሚተዉት ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። አባቶቻችን እንዲህ አስተማሩን የሚለው መልስ እዚህ አገር ተወልዶ ላደገ ልጅ ሁልጊዜ አይበቃውም። አያቶችም አንዳንዴ ያዝናሉ፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። የዛሬ 400 ዓመት ገደማ አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ከሰው ሸሽቶ፣ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይህንኑ ጥያቄ ራሱን ጠይቋል። ከዋሻው ከወጣ በኋላ ትዳር ይዞ የኖረውም ብዙዎቻችሁ በምታውቁት አገር ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በእንፍራዝ። ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ይባላል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ዘርዓ ያዕቆብ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው ከ1434 እስከ 1468 የነገሠውን ንጉሥ ነው። የዚያ ንጉሥ ስም በቤተ እስራኤል ዘንድ በመልካም አይነሳም፣ ብዙ ስደትና መከራ በዘመኑ ደርሷልና። የገዛ ልጁ ጸጋ አምላክ ሳይቀር ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ከአባ ጽብራ ጋር እንደመነነ ሽማግሌዎች ይተርካሉ። እዚህ የሚነገረው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ይህኛው ዘርዓ ያዕቆብ ንጉሥ አልነበረም፣ የንጉሥ ልጅም አልነበረም። ከንጉሡ 130 ዓመት ያህል ዘግይቶ የተወለደ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው።

ሕይወቱን የምናውቀው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ከተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው፣ በአክሱም አካባቢ በነሐሴ 25 ቀን ተወለደ። ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1599 ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የክርስትና ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ የሚጠራው ወርቄ እያለ ነበር። አባቱ ድሃ ቢሆንም ልጁን ከእርሻ ይልቅ ለትምህርት ሰጠው። ልጁ ዳዊት ደግሞ ሲጨርስ መምህሩ አባቱን ጠርቶ ይህ ልጅ ብሩህ አእምሮ ስላለው ትምህርቱን እንዲቀጥል መከረው።

መጀመሪያ የተላከው ዜማ ቤት ነበር። ድምፁ ግን ሻካራ ስለነበር ጓደኞቹ ይስቁበት ጀመር። ሦስት ወር ታግሦ ተዋቸውና ወደ ቅኔና ሰዋስው መምህር ሄደ። በዚያም አራት ዓመት ቆየ። በዚህ ጊዜ የደረሰበት አንድ አደጋ ስለ ሰውዬው ጠባይ ብዙ ይናገራል። ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ከገደል ወደቀ። አጥንቱ ሳይሰበር፣ ሕይወቱ ሳያልፍ ተነሣ። ሌላ ልጅ ቢሆን አልቅሶ ወይም ተመስገን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሱም ፈጣሪውን አመሰገነ። ከዚያ ግን ገመድ አምጥቶ ገደሉን ለካው። ጥልቀቱ 25 ክንድ ከስንዝር ሆኖ አገኘው። ልጁ የዳነው ከምን ያህል ጥልቀት እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ምስጋናና መለካት በእሱ ዘንድ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ። ይህ ጠባይ እስከ ሞቱ ድረስ አልተለየውም።

ከቅኔ ቤት በኋላ ለ10 ዓመታት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። በዚያ ዘመን የአገሩ ሊቃውንት በአንድ በኩል፣ ከፖርቱጋልና ከሌላው አውሮፓ የመጡ የካቶሊክ ካህናት በሌላ በኩል መጻሕፍትን በየራሳቸው መንገድ ይተረጉሙ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ የሁለቱንም ሰማ። ብዙ ጊዜ የአንዱም የሌላውም ትርጓሜ ከራሱ ልቡና ጋር አልስማማ ይለው ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ያሰላስለው ነበር እንጂ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ንጉሡ ዐፄ ሱስንዮስ ነበሩ፣ ከ1607 እስከ 1632 ገዝተዋል። የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ይህን ስም ያውቁታል። በሰሜን ተራሮች ላይ በራሳቸው አለቆች ሲተዳደሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤል የወጉት፣ ጌዴዎን በተባለው መሪያቸው ላይ የዘመቱት እኚሁ ንጉሥ ናቸው። በ1620ዎቹ የጌዴዎን ኃይል ተሰበረ። ብዙ ሰው አለቀ፣ ከሞት የተረፈውም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ፣ ርስቱንም አጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙው ቤተ እስራኤል ኑሮው በእጅ ሥራ ላይ ተመሠረተ። ቀጥቃጭነት፣ ሽመና፣ ሸክላ ሥራና ግንብ ሥራ መተዳደሪያው ሆነ።

ሱስንዮስ ግን በቤተ እስራኤል ላይ ብቻ አላቆሙም። ራሳቸው የካቶሊክን እምነት ተቀብለው መላው ሕዝባቸውም እንዲቀበል አዘዙ። በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የተባለው ፓትርያርክ ከሮም ተሾሞ መጣ። በዓመቱ ንጉሡ ለሮም መታዘዛቸውን በአደባባይ አረጋገጡ። ጾሙ ተለወጠ፣ በዓሉ ተለወጠ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ተቀበሉ ተባለ። ሕዝቡ አመጸ፣ በየአውራጃው ደም ፈሰሰ። ትናንት ሌላውን ስለ ሃይማኖቱ ያሳደደ ሕዝብ ዛሬ እሱም ስለ ሃይማኖቱ ተሰደደ።

በዚህ መካከል አክሱም ላይ የሚያስተምረው ዘርዓ ያዕቆብ የያዘው መንገድ ለማንም የማይመች ነበር። መጽሐፍ ሲተረጉም ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ የግብፅ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ያቀርባል። ይሄ መልካም ነው ያ ክፉ ነው ብሎ አይፈርድም። እኛ መልካም ከሆንን ሁሉም መልካም ይሆናል የሚል ነበር አነጋገሩ። በዚህ የተነሣ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። እዚህ ያለው ከዚያኛው ወገን ነው አለው፣ እዚያ ያለው ደግሞ ከዚህኛው። በመጨረሻ ወልደ ዮሐንስ የተባለ፣ ለንጉሡ ቅርብ የሆነ የአክሱም ካህን፣ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያሳምፃል ብሎ ከሰሰው።

እንዲህ ያለ ክስ በዚያ ጊዜ የሞት ክስ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን እንደሰማ በሌሊት ጠፋ። ይዞ የወጣው ሦስት ወቄት ወርቅና የሚጸልይበትን ዳዊት ብቻ ነበር። በሌሊት ቤታቸውን ትተው፣ ለጎረቤት ሳይሰናበቱ፣ ሊይዙ የሚችሉትን ብቻ ይዘው ወደ ሱዳን የወጡ አንባቢዎች ይህን ሌሊት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሲጓዝ ሰው የማይኖርበት ሸለቆ ውስጥ አንድ ዋሻ አገኘ። አውሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን አጥሮ ተቀመጠ። በዚያም ሁለት ዓመት ኖረ። አልፎ አልፎ ወደ መንደርና ወደ ገበያ ብቅ እያለ የሚበላውን ያገኝ ነበር። ያዩት ሰዎች ባሕታዊ ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን የሸሸው ከዓለም ሳይሆን ከገዳዮች ነበር።

በዚያ ዋሻ ውስጥ ነው ሐተታው የተጀመረው። ዳዊት ይደግም ነበር። ሲደግም አንድ ቀን አንድ ከባድ ጥያቄ መጣበት። ይህን ጸሎቴን የሚሰማ አለ ወይ? ሰዎች በፈጣሪ ስም እየተገዳደሉ ፈጣሪ ዝም ሲል፣ በእውነት ፈጣሪ አለ ብዬ የማምነው በምን ማስረጃ ነው? ጥያቄው ራሱን አስደነገጠው። ግን አልሸሸውም። እንደ ገደሉ ሊለካው ተነሣ።

መልሱን ቀስ በቀስ፣ ደረጃ በደረጃ ሠራው። እኔን የወለዱኝ አባትና እናቴ ናቸው፣ እነሱንም ወላጆቻቸው፣ እነዚያንም ሌሎች። ወደ ኋላ እየሄደ ሲቆጥር ያልተፈጠረ፣ ሁሉን የፈጠረ አንድ መጀመሪያ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። ያ ፈጣሪ ደግሞ ለሰው አእምሮ ከሰጠ እሱ ራሱ አዋቂ መሆን አለበት። የሚሰማ ጆሮ የሰጠ አይሰማም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጸሎት ከንቱ አይደለም አለና በእፎይታ ዳዊቱን እንደገና አነሣ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ነበር። ፈጣሪ አንድ ከሆነ ሰዎች ስለ እሱ ለምን ይለያያሉ? ሁሉም የእኔ ሃይማኖት እውነት ነው፣ የሌላው ሐሰት ነው ይላል። ሁሉም ሊሆን አይችልም፣ ዳኛ ሆኖ ሊፈርድ የሚችል ደግሞ ሁሉም ባለጉዳይ ስለሆነ አልተገኘም። ዘርዓ ያዕቆብ ምክንያቱን በሁለት ነገር አየው። አንደኛው፣ ሰዎች ክብርና ሀብት ለማግኘት ሲሉ በፈጣሪ ስም ሐሰት መናገራቸው ነው። ሁለተኛው ስንፍና ነው። እውነትን መመርመር ድካም አለው። ከአባት ከእናት የሰሙትን፣ ከጎረቤት የተቀበሉትን ሳይመረምሩ ማመን ይቀልላል። ፈጣሪ ግን ለሰው ሁሉ የልቡና ብርሃን ሰጥቷል፣ ሰው ክፉና ደጉን፣ እውነትና ሐሰቱን የሚለየው በዚህ ብርሃን ነው። ይህ የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ነው።

በዚህ ብርሃን ሁሉንም ሃይማኖት መረመረ፣ ለማንም አላዳላም። የራሱ ወገኖች የሆኑት ክርስቲያኖች ምንኩስናን ከትዳር በላይ ማድረጋቸውን ነቀፈ፣ ወንድና ሴት እንዲጋቡ የፈጠረ ፈጣሪ ትዳርን ዝቅ አያደርግም አለ። ሰው የሚበላውንና የማይበላውን በቀን እየለዩ ማዘዝንም አልተቀበለም። ሰውን እንደ ከብት መግዛትና መሸጥን የሚፈቅድ ሕግ ከፈጣሪ ሊመጣ አይችልም፣ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነውና፣ አለ። አንድ ወንድ ብዙ ሴት ማግባቱንም የወንድና የሴት ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ መፈጠሩን ምክንያት አድርጎ ተቃወመ።

ኦሪትንም እንዲሁ መረመረ፣ እዚህ ላይ የቤተ እስራኤል አንባቢ ሊከፋው ይችላል። ሴት በወር አበባዋና በወሊዷ ጊዜ ርኩስ ናት የሚለውን አልተቀበለም። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፣ ያለዚያም ሰው አይወለድም፣ ፈጣሪ ራሱ የሠራውን ነገር ርኩስ ሊለው አይችልም የሚል ነበር ክርክሩ። የመርገም ጎጆን የሚያውቁ እናቶች ስለዚህ ነገር የተለያየ ትዝታ አላቸው። ለአንዷ የብርድና የብቸኝነት ቦታ ነበር፣ ለሌላዋ ከወፍጮና ከውኃ ቀጂነት የምታርፍበት፣ ከእኩዮቿ ጋር የምትጫወትበት ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ በዚያ ጎጆ አልገባም፣ የገቡትንም ጠይቆ አልጻፈም። ያየው ሕጉን ብቻ ነው።

ዐሠርቱን ትእዛዛት ግን አከበራቸው። አትግደል፣ አትስረቅ፣ አታመንዝር፣ አባትና እናትህን አክብር የሚሉት ሁሉ ከሰው ልቡና ጋር ይስማማሉ አለ። አንዱን ብቻ ለየው፣ እሱም ሰንበት ነው። ሰባተኛውን ቀን አክብር ስለሚለው ልቡናችን ራሱ ምንም አይነግረንም፣ ይህ ከመጻሕፍት የተገኘ ነው ብሎ አለፈው። ትእዛዘ ሰንበት ሲነበብ እየሰሙ ላደጉ፣ ሰንበትን ለማክበር ብለው ገበያና ገንዘብ ለተዉ፣ እዚህም አገር በሰንበት ላለመሥራት ሲሉ ፈረቃ የቀየሩ ሰዎች ይህን ቃል መቀበል ይከብዳቸዋል። ሰውዬው ግን ተቀበሉኝ ብሎ አልጻፈም። መርምሩ ብሎ ነው የጻፈው። እሱን ራሱንም መመርመር ይቻላል። አንድ ሕዝብ ለ2,000 ዓመታት በየሳምንቱ አብሮ ያረፈበት ቀን፣ የአንድ ሰው ብቸኛ ልቡና ባይነግረውም፣ ሌላ ዓይነት እውነት ሊኖረው ይችላል ብሎ መመለስ ይቻላል። ዋሻ ውስጥ ብቻውን ያሰበ ሰው በማኅበር የሚታወቀውን ነገር ሁሉ ላያገኘው ይችላል።

በ1632 ነገሩ ተለወጠ። ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ፣ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ልጃቸው ፋሲለደስ ነገሡ፣ ፈረንጆቹንም ከአገር አስወጡ። ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። ዕድሜው 33 ነበር። በዚያው ዓመት በአምስተርዳም ከተማ ባሩክ ስፒኖዛ ተወለደ። እሱም በኋላ የአባቶቹን ሃይማኖት በአእምሮው መርምሮ፣ በ1656 ከአይሁድ ማኅበር ተወግዞ፣ የመነጽርና የማጉያ መስታወት በእጁ እየሳለ የኖረ ፈላስፋ ነው። ሁለቱ አንዱ ስለ ሌላው ሳይሰማ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቁ፣ ሁለቱም እንጀራቸውን በእጃቸው በሉ።

ዘርዓ ያዕቆብ በበጌምድር በኩል አድርጎ እንፍራዝ ደረሰ። እዚያ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ አገኘ። ለዘመዶቹ ደብዳቤ ለመጻፍ ቀለምና ብራና ለመነው። ሀብቱ ጸሐፊ መሆኑን ሲያውቅ በቤቱ እንዲቀመጥና ለልጆቹ ዳዊት እንዲጽፍላቸው ጠየቀው። እንዲህ ሥራ ተጀመረ። ሥራው መልካም መሆኑ ሲታይ ሌሎችም እየመጡ መጽሐፍና ደብዳቤ ያስጽፉት ጀመር። ዋጋውን በገንዘብም በዓይነትም ይቀበል ነበር።

የብራና ጸሐፊ ሥራ ቀላል አልነበረም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ጸጉሩና ሥጋው ተፍቆ እስኪለሰልስ ይሠራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይዘጋጃል፣ ቀዩ ለርእስና ለቅዱሳን ስሞች ይቀመጣል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ ብራናውን ዘርግቶ 150ውን መዝሙር ፊደል በፊደል ሲያወርድ ወራት ያልፋሉ። ወገብ ይጎብጣል፣ ዓይን ይደክማል።

ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ሥራ አላፈረም። ይልቁንም ሰው በላቡ ሠርቶ መብላቱን የፈጣሪ ሥርዓት አድርጎ ቆጠረው። ሰው የተፈጠረው እንዲሠራ ነው፣ ሠርቶ ያገኘውም ለራሱና ለቤተሰቡ እንዲበቃ፣ ለተቸገረም እንዲተርፍ ነው ይል ነበር። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለእጅ ይናቅ ነበርና። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ ቡዳ እያለ የሚሰድብ፣ ሸማኔው የሠራውን ሸማ ለብሶ ከሸማኔው ጋር ማዕድ የማይቀርብ ሰው ብዙ ነበር። ከእንፍራዝ ብዙ ሳይርቅ ፋሲለደስ በ1636 የጎንደርን ከተማ ሲቆረቁሩ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት ይባላል። ያ ግንብ ዛሬም ቆሟል፣ የግንበኞቹ ስም ግን በግንቡ ላይ የለም።

በሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባል ገረድ ነበረች። መጽሐፉ ስለ እሷ ሲናገር አያሞግስም፣ አይዋሽም። መልኳ ያማረ አልነበረም፣ ግን ደግ፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች ይላል። ዘርዓ ያዕቆብ ሊያገባት ፈለገና ሀብቱን ጠየቀው። ሀብቱ በደስታ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ገረድ ትሁን አለው። እሱ ግን ገረድ አልፈልግም፣ ሚስት ነው የምፈልገው አለ። ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸው፣ ጌታና ገረድ መባባል የለባቸውም ብሎ አስረዳ። ከዚያም ወደ ኂሩት ሄዶ የእሷን ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዷን ስትሰጥ ተጋቡ። በዋሻ ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ ያሰበው ሰው፣ ሐሳቡን የፈተነው በዚህች ቀን ነው። ዋሻ ውስጥ እኩልነትን ማሰብ አይከብድም፣ ቤት ውስጥ ከሁሉ በታች የምትታየውን ሰው ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ይከብዳል። ወንድ ልጅ ወለዱ፣ ልጁም አድጎ አግብቶ የልጅ ልጆች አዩ።

ዘርዓ ያዕቆብ በእንፍራዝ 59 ዓመት ሲኖር የልቡን ለማን ነገረ? ለሕዝቡ አልነገረም። ከክርስቲያኖች ጋር እንደ ክርስቲያን ኖረ፣ በደጅ ሲታይ እንደ ጎረቤቱ ነበር፣ የልቡን ለልቡ ያዘ። ይህን መጽሐፉ አይሰውርም። ሰዎቹ ሊያምኑት የማይፈልጉትን ነገር ቢነግራቸው ስድብና ስደት እንጂ ጥቅም እንደማይገኝ አመዛዘነ። ምስጢሩን የገለጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የሀብቱ ልጅ፣ ምትኩ እየተባለ የሚጠራው ወልደ ሕይወት ነበር። በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠረውን ተማሪውን ሲያድግ ማሰብ አስተማረው። በመጨረሻም በወልደ ሕይወት ልመና፣ በ68 ዓመቱ፣ በ1667 ሐተታውን ጻፈ።

ይህ ዝምታ ፍርሃት ነው ወይስ ጥበብ? እዚህ ላይ አንባቢ ከራሱ ሕይወት ጋር ማመዛዘን ይችላል። ብዙ ወገኖች በኢትዮጵያ ሳሉ የልባቸውን በልባቸው ይዘው፣ ኢየሩሳሌምን በሹክሹክታ እያነሡ፣ በአደባባይ ዝም ብለው ኖረዋል። ዝምታው ባይኖር ኖሮ ምናልባት ዛሬ የሚናገር አይተርፍም ነበር። በሌላ በኩል በ1985 አይሁድነታቸው ሲጠረጠርና እንደገና እንዲለወጡ ሲጠየቁ፣ በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ቢሮ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ድምፃቸውን ያሰሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ለሁሉም ጊዜ አለው። ዘርዓ ያዕቆብ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ካለ በኋላ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ዝም ብሎ ቢሞት ኖሮ ማንም አያውቀውም ነበር።

ዘርዓ ያዕቆብ በ1692፣ በ93 ዓመቱ በእንፍራዝ አረፈ። ዕረፍቱን የጻፈው ተማሪው ወልደ ሕይወት ነው። ወልደ ሕይወት የራሱንም ሐተታ ጽፏል። የመምህሩ ሐተታ የሚመረምር ሲሆን የተማሪው ደግሞ የሚመክር ነው። ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት ይናገራል።

የመጽሐፉን ነገር በሐቅ ለመጨረስ አንድ ክርክር መነሣት አለበት። ሐተታው ለአውሮፓ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በበጌምድር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካህን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ለነበረው ለአንቷን ዳባዲ ላከው። በ1904 ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን አሳተመው። በ1920 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ካህኑ ነው እንጂ ኢትዮጵያዊ አይደለም አለ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር መጽሐፉን በጥልቀት መርምረው የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም በሊቃውንት መካከል አልተዘጋም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ክርክር ይበሳጫል። ዘርዓ ያዕቆብ ቢሰማ ግን አይበሳጭም ነበር። የሰማኸውን ሁሉ ሳትመረምር አትቀበል ያለ ሰው መጽሐፉም ቢመረመር አይከፋውም።

መጽሐፉ ያስቀመጠልን ሰው እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው። እምነቱ ሦስት ነገር ላይ የቆመ ነበር። የሰሙትን በልቡና መመርመር፣ በእጅ ሠርቶ መብላት፣ በራስ ላይ እንዲደረግ የማይፈልጉትን በሌላው ላይ አለማድረግ። ሦስቱንም ያስተማረው በአደባባይ ሳይሆን በኑሮው ነው። ጎረቤቶቹ ፈላስፋ መሆኑን አላወቁም። ያወቁት በሰዓቱ የሚሠራ ጸሐፊ፣ ሚስቱን የሚያከብር ባል፣ ከማንም የማይጣላ ሽማግሌ መሆኑን ነው።

ስለዚህ የልጅ ልጅ መጥቶ ለምን እንዲህ ታምናላችሁ ብሎ ሲጠይቅ መቆጣት አያስፈልግም። ልጁ የሚጠይቀው ንቆ ላይሆን ይችላል። ያ የአክሱም ልጅም ገደሉን የለካው ፈጣሪውን ተጠራጥሮ አልነበረም፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደዳነ ለማወቅ ነበር። እዚህ የተወለዱት ልጆችም አያቶቻቸው ከየት ተነሥተው፣ ምን አልፈው፣ ምን ይዘው እዚህ እንደደረሱ መለካት ይፈልጋሉ። ገመዱን ማቀበል የአያቶች ፋንታ ነው። ከፈረቃ ሲመለሱ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ልጁን አጠገብ አስቀምጦ ከመጀመሪያው መተረክ ይቻላል። የማያውቁትን አላውቅም ማለትም ያው መልስ ነው።